ሚኪ ሊላንድ፣ ከፉኝዶ በፊት

አዲስ አበባ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ካርታ ላይ «ሚኪ ሊላንድ ጎዳና» የሚባል መንገድ አለ። እዚያ ሰፈር አራት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። አንድም ቀን በዚህ ስም ጠርቼው አላውቅም። ታክሲ ውስጥም «ሚኪ ሊላንድ ወራጅ አለ» ያለ ሰው አልገጠመኝም። እኛ መንገድ የምናውቀው በሆቴሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ጥግ ላይ ባለው ዳቦ ቤት ነው።

ስሙን ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። «እኛን ሊረዳ መጥቶ አውሮፕላን ተከስክሶ የሞተው ጥቁር አሜሪካዊ።» ያለኝ እውቀት ይቺው ነበረች። ሰውዬው ማን ነበር? ከመምጣቱ በፊት ምን ሲሠራ ኖረ? ጠይቄ አላውቅም። ለእኔ ሕይወቱ የጀመረውም ያለቀውም ወደ ጋምቤላዋ ፉኝዶ ይበር የነበረው አውሮፕላን ላይ ነው።

ኋላ ኑሮ ወደ ሂውስተን ወሰደኝ። እዚህ ከተማ ስሙ ያልተጻፈበት ቦታ ያለ አይመስልም። የዓለም አቀፍ በረራው ተርሚናል በሱ ስም ነው። መሀል ከተማ አንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በሱ ስም ተሰይሟል። ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በፖለቲከኛዋ በባርባራ ጆርዳንና በሱ ስም ይጠራል።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አብራኝ የምትሠራ ሴት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። በዕድሜ ለእናቴ ትቀርባለች። «ኢትዮጵያ» አልኳት። የያዘችውን ሹካ አስቀመጠች። ትንሽ ዝም ብላ «ሚኪያችን የሞተባት አገር» አለች። ያደገችው ፊፍዝ ዋርድ ነው፤ እሱ ያደገበት ሰፈር። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረችኝ። «እሱ እኮ እንደኛ የፋርማሲ ሰው ነበር።»

ማታ ቤቴ እንደገባሁ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አላቆምኩም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። እኛ የምናውቀው አሟሟቱን ነው። እኔ አሁን ልቤን የሚነካኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ በተለይ በቴክሳስ ምክር ቤት ያሳለፋቸው ስድስት ዓመታት። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

የተወለደው ኅዳር 1944 ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ ሉበክ በምትባል ከተማ። ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሊላንድ ነው። «ሚኪ» ያሉት የእናቱ አባት ናቸው። እሱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ጥሎ ሄደ። እናቱ አሊስ እሱንና ወንድሙን ይዛ ወደ ሂውስተን መጣች። መድኃኒት ቤት ውስጥ ባለች ምግብ መሸጫ ምግብ እየሠራች አሳደገቻቸው። ኋላ ተምራ አስተማሪ ሆነች። ያኔ አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ቤቱ ምሳም የሚበላበት ቦታ ነበር። እናቱ ምግብ የምታበስለው መድኃኒት ከሚሸጥበት ባንኮኒ አጠገብ ነበር ማለት ነው። ልጁ ኋላ ፋርማሲ ማጥናቱን ሳነብ ቶሎ የመጣብኝ ይኼ ነው። ይገናኛል ብዬ መማል አልችልም። ግን ይገናኛል ብዬ አስባለሁ።

ፊፍዝ ዋርድ በዘር ከተከፋፈለችው ሂውስተን የጥቁሮች ድርሻ የነበረ ሰፈር ነው። ሊላንድ የተማረበት ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባርባራ ጆርዳንንም ያስተማረ ነው። እሷ ከሱ ቀድማ፣ በ1966፣ ለቴክሳስ ሴኔት ተመረጠች። ለሰፈሩ ልጆች ይኼ ትልቅ ነገር ነበር። አንድ የሚያውቋት ልጅ የግዛቷ ዋና ከተማ ኦስተን ድረስ ሄዳ፣ ሕግ ከሚያወጡት ጋር ቁጭ አለች።

ሊላንድ በ1970 ከቴክሳስ ሳውዘርን በፋርማሲ ተመረቀ። እዚያው ማስተማር ጀመረ። ግን መማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም። ድሃ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ከቤት ወደ ቤት የሚዞር የጤና ዘመቻ አቋቋመ። በር እያንኳኩ ለሰው ሕክምና የት እንደሚያገኝ ይነግሩታል፤ የመጀመሪያ ምርመራም ያደርጉለታል። የኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በሩን ካላንኳኳህ ውስጥ ያለውን በሽተኛ አታየውም።

ያኔ ቁጡ ወጣት ነበር። በ1970 የፖሊስ ጭካኔን ለመቃወም በወጣ ሰልፍ ታስሯል። ሥርዓቱን ከውጭ ሆኖ መታገል ነበር ሐሳቡ። ከዚያ ግን ውስጥ ገብቶ ለመሥራት ወሰነ። በሩም በዚያው ሰሞን ተከፈተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ነውና። ድሮ ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ ለቴክሳስ ምክር ቤት ብዙ እንደራሴዎችን በጅምላ ይመርጥ ነበር። የምርጫ ክልሉ ሰፊ ነው። ለመመረጥ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የነጮቹን ሰፈሮችም ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል። ፊፍዝ ዋርድ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቢመርጥህ እንኳ በብዙሃኑ ድምፅ ትዋጣለህ። በ1971 የምርጫ ክልል የሚያካልለው ቦርድ ካውንቲውን ከፋፈለው። ለአንድ ክልል አንድ እንደራሴ ሆነ። እንግዲህ ሰፈሩ የራሱን ሰው መላክ ቻለ። ለውጡ አዲስ ሰውም፣ አዲስ ንግግርም አልነበረም። ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው።

በ1972ቱ ምርጫ ከሂውስተን አምስት ወጣቶች አብረው ገቡ። ሚኪ ሊላንድ፣ ክሬግ ዋሽንግተን፣ አንቶኒ ሆል፣ ሴንፍሮኒያ ቶምፕሰንና ቤን ሬየስ። አራቱ ጥቁሮች ናቸው፤ ሬየስ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ነው። «የሕዝብ አምስቱ» ይባሉ ነበር። ሴንፍሮኒያ ቶምፕሰን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ እዚያው ምክር ቤት አገልግላለች። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። እሱ ቢኖር ኖሮ ዛሬ እንደሷ ያረጀ ሰው ይሆን ነበር።

ጥር 1973 ሊላንድ ኦስተን ገባ። ፀጉሩ አፍሮ ነው። ኮትና ክራባት ለሚጠብቁት ሰዎች ዳሺኪ የሚባለውን የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መጣላቸው። ሰው ደነገጠ። አብዮት የመጣ የመሰላቸው ነበሩ። እሱ ግን የመጣው ስለ መድኃኒት ዋጋ ሊከራከር ነው።

የቴክሳስ ምክር ቤት 150 አባላት አሉት። መደበኛ ጉባኤው የሚቀመጠው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ለ140 ቀናት ብቻ። ደመወዙ የሚያኖር አይደለም። በ1975 በወር 600 ዶላር ተባለ፤ እስከ ዛሬም ያው ነው። ከቀን አበል ውጭ ሌላ የለም። ስለዚህ አብዛኛው አባል ሌላ ሥራ ይኖረዋል። ክብሩም ከሩቅ የሚታይ ዓይነት አይደለም። ግን በእነዚያ 140 ቀናት የሚወሰነው ነገር የድሃውን ቤት በቀጥታ ይነካል።

ያኔ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች አንድ ሕግ ነበር። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ በአንድ ኩባንያ የንግድ ስም መድኃኒት ከጻፈ፣ ፋርማሲስቱ ያንኑ ስም መስጠት አለበት። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ዋጋው ግን በብዙ የቀነሰ ጄኔሪክ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ቢኖርም መቀየር አይችልም። ሊላንድ ይህን ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች ጄኔሪክ መድኃኒት እንዲያገኙ ታገለ። ሕግም እንዲወጣ ረዳ። ድሆች የሚታከሙባቸው የጤና ተቋማት እንዲስፋፉም ሠራ። የእስረኞች አያያዝ እንዲሻሻል በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥም ነበር።

ይኼ ለእኔ ወረቀት ላይ ያለ ታሪክ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ማዘዣ ይዘው መጡ። አበሻ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ዋጋውን ስነግራቸው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። «ልጄ፣ የሚቀጥለው ወር እመጣለሁ» አሉኝ። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ ከኋላቸው ያለው ሰው እንዳይሰማ። ፋርማሲስቱን ጠርቼ አየልን። ጄኔሪኩ ነበር። ከ10 ዶላር በታች ሆነ። እንክብሎቹን በመቁጠሪያው ሰሌዳ ላይ አምስት አምስት እያደረግሁ ስቆጥር ቆመው እጄን ያዩ ነበር። «አንድ ነው? እርግጠኛ ነህ? አንድ ነው?» ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። «አንድ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ያቺን ደቂቃ ሕግ ነው የሰጠን። ሰዎች ምክር ቤት ገብተው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ያመጡት ሕግ። የፋርማሲስቱ እጅ እንዲፈታ ማንም ሰው ስሙን የማያውቀው አንድ አንቀጽ መጻፍ ነበረበት።

በ70ዎቹ ውስጥ ሊላንድ ወደ አፍሪካ ሄዶ ነበር፤ ታንዛኒያ። ለሦስት ሳምንት ብሎ ሄዶ ሦስት ወር ቆየ። እናቱና ጓደኞቹ የሞተ መስሏቸው እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ዝም ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስመለስበት ግን ከበደኝ። አሊስ አንዴ እንዲህ ደንግጣ፣ ልጇ በሰላም ተመልሶላታል።

በ1978ቱ ምርጫ ባርባራ ጆርዳን ለያዘችው የኮንግረስ መቀመጫ እንደገና አልተወዳደረችም። ሊላንድ ተወዳድሮ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው በብዙ ቦታ ተጽፏል፤ እኔ ቶሎ ልለፈው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋም እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ሕግ ክርክር ሲነሳበት፣ ሊላንድ ኮንግረሱ ውስጥ ቆሞ በስፓኒሽ መናገር ጀመረ። ባልደረቦቹ ብዙዎቹ አልገባቸውም። ቋንቋውን የማይችል ዜጋ ምን እንደሚሰማው ለአንድ አፍታ እንዲያዩት ነው። እኔ በዚህ አገር የመጀመሪያ ቅጼን ስሞላ የነበረኝን ላብ አስታወሰኝ።

በ1984 የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ በኮንግረስ ተቋቋመ። ሊላንድ ሊቀመንበሩ ሆነ። ዓመቱን አስተውሉ። የኛ ሰባ ስድስት አልፎ ሰባ ሰባት የገባበት ነው። ወሎና ትግራይ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት። ደርግ የሶቪየቶች ወዳጅ ነው፤ ዋሽንግተን ደርግን ማየት አትፈልግም። ሊላንድ ግን የተራበ ሕፃን ርዕዮተ ዓለም የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በ1985 ኮንግረስ ለአፍሪካ ረሃብተኞች 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲውል ፈቀደ። ከገፉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሱዳን ውስጥ በአንድ መጠለያ ያያት ልጅ ነበረች። አጥንቷ ብቻ የቀረ። ከጎኑ ላለው ሰው አንድ ነገር ሊናገር ዞር ብሎ ሲመለስ ሞታለች። ፊቷን በየቀኑ እንደሚያየው ይናገር ነበር። እኔ ይህን ሰው አምነዋለሁ። ምክንያቱም ሪፖርት አንብቦ የሚተኛ ሰው አልነበረም። ሂውስተን በር ሲያንኳኳ የለመደውን ነው ሱዳንና ኢትዮጵያ ድረስ ይዞት የሄደው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር። ፍልሰታ የሚገባበት ዕለት ነው። ከአዲስ አበባ አንዲት ባለሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ተነሳች። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት ነበረች። መድረሻዋ ፉኝዶ ነው፤ ጋምቤላ፣ የሱዳን ስደተኞች መጠለያ። በዚያ ሰሞን ብዙ ወንዶች ልጆች ያለ እናት ያለ አባት፣ በእግራቸው ከደቡብ ሱዳን ተነስተው እዚያ ደርሰው ነበር። ሊላንድ ሊያያቸው ነው የሚሄደው። ክረምት ነው። የምዕራቡን ደመና የሚያውቅ ያውቀዋል። አውሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም።

ደርግና አሜሪካ በቅጡ በማይነጋገሩበት በዚያ ጊዜ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ገብተው እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ከ6 ቀን በኋላ ስብርባሪው ተራራ ላይ ተገኘ። የተረፈ ሰው የለም። 16 ሰዎች ነበሩ። 9ኙ አሜሪካውያን፣ 7ቱ ኢትዮጵያውያን። አብረውት የሚሠሩ የኮንግረስ ሰዎች፣ የእርዳታ ሠራተኞች፣ አብራሪዎች። እኔ ስሰማው ባደግሁት ታሪክ ውስጥ የሰባቱ ኢትዮጵያውያን ስም አልነበረም። አሁንም መንገድ ላይ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ አታገኙም። እነሱም እኮ በዚያ ዝናብ የተሳፈሩት ስደተኛ ልጆችን ለማየት ነው። ይኼ ያሳዝነኛል፤ ሳስበው ደግሞ ያሳፍረኛል።

እሱ ሲሞት 44 ዓመቱ ነበር። ኮንግረስ ውስጥ የተካው ክሬግ ዋሽንግተን ነው፤ በ1972 አብረው የገቡት ጓደኛው።

ዜግነት ያገኘሁ ጊዜ የመጀመሪያ ድምፄን ለመስጠት ሄድኩ። ደስታዬ ሌላ ነበር፤ ሸሚዜን ተኩሼ ነው የሄድኩት። ፕሬዚዳንቱን መረጥኩ። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ታች ይወርዳል። የግዛት ሴናተር፣ የግዛት እንደራሴ፣ ዳኛ፣ ሌላም ሌላም። አንዱንም አላውቀውም። ባዶ ትቼው ወጣሁ። ቡና ላይ ስንገናኝ ስለ ዋይት ሐውስ ሌሊቱን እንከራከራለን። ስለ ኮንግረስም እንናገራለን። የሰፈራችን የቴክሳስ ምክር ቤት እንደራሴ ማን ነው ቢባል ግን ከአስራችን አንዳችንም አንመልስም። በ2020ው ቆጠራ ቴክሳስ 29.1 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ለ150 ሲካፈል አንድ እንደራሴ ለ194 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሳል። ቢሮው ብትሄድ የሚያናግርህ ሰው ታገኛለህ። የፋርማሲ ፈቃዴ የሚታደስበትን ደንብ የሚያወጣው ቦርድ ያለው ኦስተን ነው። የድሆች የጤና መድን ለማን ይድረስ የሚለውም በአብዛኛው እዚያ ይወሰናል። የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀትም እንዲሁ። እኔ ባዶ የተውኩት ያንን ነበር።

ሚኪ ሊላንድን ካነበብኩ በኋላ ባለው ምርጫ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስሞቹን አንድ በአንድ ፈለግኋቸው። ያቺ የሥራ ባልደረባዬ ስልክ ላይ ረዳችኝ። ወረቀቱን እስከ ታች ሞላሁት።

ባለፈው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ሻንጣዋን እየገፋሁ ስንወጣ ተርሚናሉ ላይ የተጻፈውን ስም አሳየኋት። እንግሊዝኛውን አታነበውም። «ሚኪ ሊላንድ ይላል» አልኳት።

ቆመች። «ያ በፍልሰታ የጠፋው?»

«አዎ፣ እሱ።»

«ሳምንት ሙሉ ሬዲዮ ላይ ጆሯችንን ጥለን። አባትህ ማታ ማታ በውጭ ጣቢያ ይከታተል ነበር። ይገኛል እያልን ስንጸልይለት ነበር እኮ።» ይህን እስከዚያ ቀን ነግራኝ አታውቅም። እንደገና ወደ ጽሑፉ ቀና አለች። «ልጆች ነበሩት?»

አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፤ ሦስት ዓመት ያህሉ። ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። እሱ በሞተ በአምስት ወሩ፣ ጥር 1990፣ መንታ ወንዶች ወለደች። ይህን ነገርኳት።

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «መንታ» አለች ቀስ ብላ። «ብቻዋን አሳደገቻቸዋ።»